የዘጠኝ ወር እንደራሴ

«የኔ ቆንጆ፣ አባባ የሰዉን ስም የሚጽፍበት ደብተር የት ነው?» አለኝ ሰውየው ጎንበስ ብሎ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ጫማው ንጹሕ ነበር፣ ከኋላው የቆሙት ሁለቱ እኔን ሳይሆን ጣሪያችንን ያዩ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ አባቴ ለምክር ቤት ከተመረጠ ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ስሙን ሊያስጽፍ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ፣ ስለዚህ ሮጬ ገባሁና ከአልጋው ራስጌ አወጣሁት፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥ እንደሚገባው ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ ሰጠሁት። «ጎበዝ፣ የጨዋ ልጅ» አለኝ። ሃያ ዓመት አለፈው። አሁን በሰው አገር ነኝ፣ ብሬብሩክ፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ አውርጄ ተኝቻለሁ፣ ተኝቻለሁ ስል ጋደም ብያለሁ ማለቴ ነው፤ ከፍራሹ ሥር ሌላ ደብተር አለ፣ በተገላበጥኩ ቁጥር ጠርዙ ጎኔን ይወጋኛል።

አጠገቤ መክብብ ተኝቷል። ክሬጊበርን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ አድሮ የገባ ባል ቀን ሲተኛ ግንድ ነው፣ ቢጠሩት አይሰማ፣ ቢያለቅሱበት አይሰማ። የኔም ሌሊት ይኸው እኩለ ቀኑ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ሩታን ቁጭ አድርጌ ጀርባዋን ስደግፍ ነው የሚነጋው፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ድመት የገባች ይመስላል። ግድግዳው ነው። ከአልጋዋ ራስጌ ያለው ጥግ ይሻግታል፣ በበረኪና እፈትገዋለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይጠቁራል፣ አልጋዋን ባዞረው ደግሞ ሻጋታው ተከትሏት ይዞራል። ሐኪሟ ይህች ልጅ ክረምት ሳይገባ ከዚህ ቤት መውጣት አለባት ብላ ደብዳቤ ጻፈች፣ ደብዳቤውን ለቤቶች ቢሮ አስገባሁ፣ ቢሮው ደርሶናል አለኝ፣ ደርሶናል ካለኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ሳሎን ሶፋው ላይ ኑሀሚን አለች። ታናሽ እኅቴ። ለትምህርት መጥታ ትምህርቷ የተቋረጠባት፣ የቪዛዋን መልስ የምትጠብቅ፣ የቤቱ ኪራይ ውል ላይ ስሟ የሌለ። ቢሮው የሚያውቀው ሦስት ሰው ነው። አራተኛዋ በር ሲንኳኳ ቀስ ብላ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም፣ ራሷ ነው የጀመረችው፤ ያኔ አባቴ ሲወሰድ የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ምንም አታስታውስም፣ ግን ታውቃለች።

ደብተሩ የሚስተር ኩዊላን ነው። ምድር ቤት አንደኛው በር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ የአይርላንድ ሽማግሌ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ወደፊት የወደቀ፣ በበጋም ሹራብ የማያወልቁ። ማክሰኞ ደረጃው ላይ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ነው፣ አምቡላንስ መጣ፣ እኔ ሩታን ከትምህርት ቤት ላመጣ ስወርድ በቃሬዛ እያወጧቸው ነበር። እጄን ያዙኝ። ፊታቸው ወረቀት መስሏል ግን እጃቸው ጠንካራ ነው። ከብርድ ልብሱ ሥር ደብተሩን አወጡና እንዲህ አሉኝ፦ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ሰንሻይን ሰፈር፣ የምክር ቤት አባሏ ቢሮ፣ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ አንቺ ውሰጂው፤ የአሥራ ዘጠኝ ቤት አቤቱታ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲቀርብ ነው የሚያዩት፣ አንድ አንዱን ብታቀርቢ ይጥሉታል። ከዚያ የአምቡላንሱ በር ተዘጋ። ነገ ዓርብ ነው። ለምን ለኔ? ከዚህ ሁሉ ጎረቤት ለምን እኔ? እንግሊዝኛዬ የገበያ እንግሊዝኛ ነው፣ ትምህርቴ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም፣ እሳቸው ይህን ያውቃሉ፣ ጠይቀውኝ ነግሬያቸዋለሁ። ወይስ ለዚያ ነው? የማያነብ ሰው ይመረጣል። ግን አነባለሁ እኮ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ይህን ደግሞ አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። የፕላስቲክ ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ደብተሩ፣ እስክሪብቶ። ሰው ልብሱን ማሽን ውስጥ ከትቶ መጠበቅ ስለማይቀርለት ከእሳቸው ፊት ይቀመጣል፣ እሳቸውም ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ለሆነ ቢሮ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ስልክ ይደውላሉ። ከአንደኛ ፎቅ እትዬ ወርቅውሃ ገና እንደመጣን ነው ያስጠነቀቁኝ። ሃያ ዓመት እዚህ የኖሩ ሴት ናቸው፣ ደብዳቤ በመጣላቸው ቁጥር መነጽሬ ጠፋኝ እያሉ በኔ ያስነብባሉ፣ መነጽሩ አንገታቸው ላይ ነው። «ሆስዬ፣ ስም የሚጽፍ ሰው ደግ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። «ሰላም በዪውና እለፊ።»

«ጆሮ ጠቢ ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ቢሆንም ጡረታ የወጣ ጆሮ ጠቢ ነው። ጆሮውም ከብዶታል።»

እኔ ግን ሩታ እያሳለች ማለፍ አልቻልኩም። ማሽኑ ሲሽከረከር እሷ ስታስል፣ እሷ ስታስል እሳቸው ሲያዩኝ፣ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ነው ታሪካቸውን የነገሩኝ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ይህም ራሱ ያሳስባል፤ ሰው ሳይጠየቅ ታሪኩን የሚነግርሽ ያንቺን ሊወስድ ነው። አገራቸው ምክር ቤት ውስጥ ነበሩ። የገጠር አስተማሪ ነበሩና ሰው ገፋፍቷቸው ተወዳደሩ፣ እዚያ መራጩ ወረቀቱ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቁጥር ይሰጣል፣ አንደኛ ያለው ሰው ከወደቀ ድምፁ ሁለተኛ ላለው ይዞራል፣ ሁለት ቀን ሲቆጠር፣ ሲዞር፣ ሲቆጠር፣ በመጨረሻዋ ወንበር ላይ በሃያ ሦስት ድምፅ ገቡ። «አንደኛ ብሎ የመረጠኝ ትንሽ ነው» አሉኝ እየሳቁ፣ «እኔ የብዙ ሰው ሦስተኛ ነበርኩ።» ሰው እንዲህ ብሎ ስለ ራሱ ይናገራል? አባቴ ሲመረጥ እናቴ ለሳምንት አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነው የሄደችው፣ ሦስተኛ የሚባል ነገር አልሰማንም።

ስንት ጊዜ ቆዩ አልኳቸው። ዘጠኝ ወር። ያን ዓመት መንግሥት መቆም አቅቶት ምርጫ በምርጫ ላይ ነበር፣ በዓመት ተኩል ሦስት ጊዜ፣ እሳቸው በመካከለኛው ገብተው በመጨረሻው ወጡ። ሩታን ያረገዝኩትን ያህል ማለት ነው፣ እሷ እንኳ አርባ ሳምንት ሞልታ ነው የመጣችው። በዘጠኝ ወር አራት ጊዜ ተናገሩ፤ አንዴ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ምድጃ፣ ሁለቴ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ስለሚሻገሩት ወንዝ፣ ድልድይ እንዲሠራ፣ አራተኛውን ረስቼዋለሁ አሉ፣ ሲናገሩ ከሰባት ሰው በላይ አልነበረም፣ አንዱ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ድልድዩ ከተሸነፉ በኋላ ተሠራ፣ ያሸነፋቸው ሰውዬ ሪባኑን ቆረጠ፣ እሳቸው ከሕዝቡ መሐል ቆመው አጨበጨቡ። አጨበጨብኩ ይላሉ። ታዲያ ለምን አገርዎን ለቀቁ አልኳቸው፣ እዚህ ላይ ነው የጠበቅኳቸው፣ ውሸት ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ሰው ይቀበሉ ነበር፣ ችግሩን ይጽፉ ነበር፣ ከተሸነፉ በኋላም መቀመጣቸውን አልተዉም፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት ሰው መጣ፣ በሚቀጥለው ሦስት፣ ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ እሷም ልታጽናናቸው ነው የመጣችው፣ ከዚያ ማንም አልመጣም። እስኪመሽ ጠብቀው እሳቱን አጠፉና ወጡ፣ በፀደዩ መርከብ፣ አይ አውሮፕላን፣ እዚህ መጡ፣ ሰንሻይን ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት። አለቀ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ለመክብብ ነገርኩት፦ ሰው ስላልመጣበት አገር ይለቃል እንዴ? እኛ ጋ ሰው አገር የሚለቀው ሰው ሲመጣበት ነው። መክብብ ምን አለ፣ «ጫማዬን አየሽው?» አለ።

ኑሀሚን በስልኳ ፈለገችልኝ። አንድ ገጽ አገኘች፣ ሦስት መስመር፣ ፎቶ የለውም። ስም፣ የምርጫ ወረዳ፣ በፈረንጅ ሰማንያ ሁለት ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር። «ይኸው እውነት ነው» አለችኝ። «ሦስት መስመር ብቻ?» አልኳት። «ታዲያ ዘጠኝ ወር ስንት መስመር ይሆናል?» ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ወንበር ላይ የተቀመጠው አርባ ሦስት ቀን ነው፣ ስለ እሱ አንድም መስመር የለም፣ ግን አርባ ሦስቱን ቀን በጣቴ ልቆጥርልሽ እችላለሁ። ሦስት መስመር የጻፈ ሰው የተወው ነገር አለ።

ትናንት መክብብ ሥራ ከሄደ በኋላ ደብተሩን ከፈትኩት። ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ሽፋን፣ ጠርዙ የተበላ፤ እኔ አዲስ ነው ብዬ ነበር፣ አይደለም፣ ያው የዚያን ጊዜው ነው። የመጀመሪያው ሢሶ በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም የእነዚያ ሰዎች ስም ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት፣ የመንገድ መብራት የጠየቀ፣ የባሏ ጡረታ የቀረባት፣ ልጁን ከሆስፒታል ሊያወጣ የፈለገ፣ ገጽ በገጽ፣ ቀኑ ሳይቀር። ከብዙው ስም ጎን ራይት ተደርጎበታል። ከዚያ ከኖቬምበር በኋላ ጥቂት ስም አለና ይቆማል። ከዚያ ባዶ ገጽ፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ የተቆጠረ ይመስል። ከዚያ በአዲስ እስክሪብቶ እኛ። የኛ ሕንፃ። በአንድ ደብተር ውስጥ፣ አርባ ዓመት መሐል ላይ ነጭ ሆኖ። ራይቱ ላይ ጣቴን አቆምኩ። እናቴ አባቴን ልትጠይቅ ሄዳ አንድ ቢሮ አስቀምጠዋት፣ የአባቴ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አየችው፣ ከየስሙ ጎን በቀይ ራይት ተደርጎበታል፤ አባቴ ራይት አያደርግም ነበር። ራይት የተደረገበት ሰው ቤት ሄደዋል ማለት ነው፣ ያልተደረገበት ገና ነው ማለት ነው። የሚስተር ኩዊላን ራይት ምን ማለት ነው? ተፈጸመለት ነው? ማን ነው የሚያረጋግጥልኝ፣ የመብራቱ ሰውዬ አሁን ከሞተ ስንት ዓመቱ።

የራሴን ገጽ አገኘሁት። የቤት ቁጥር ዘጠኝ። ሆሳዕና። ልጅ፣ አምስት ዓመት፣ አስም። ሻጋታ፣ ሁለት ክፍል። የሐኪም ደብዳቤ አለ። የሰው ብዛት አራት፣ ከአራቱ ጎን የጥያቄ ምልክት።

አራት። እኔ ሦስት ነው ያልኳቸው። በዓይኔ እያየኋቸው ሦስት አልኳቸው፣ እሳቸውም ሦስት ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ አራት ብለው ጻፉ። ከየት አመጡት? ቤቴ ገብተው አያውቁም። ልብሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የኑሀሚንን ጂንስ ከማሽን ሳወጣ እዚያው ተቀምጠው ነው፣ እኔ ያን ያህል ቀጭን እንዳልሆንኩ ማየት ይችላሉ። ጆሯቸው ከብዷል፣ ዓይናቸው ግን አልከበደም። ይህ የማን ዓይን ነው? የአስተማሪ ነው ወይስ የሌላ? ከጻፉት በኋላ ለምን ዝም አሉኝ? ገጹን ልቅደደው ብዬ ጠርዙን ያዝኩ። ግን ከቀደድኩት የሩታ ደረት አብሮ ይቀደዳል፣ የሐኪሟ ደብዳቤ ቅጂ በማጣበቂያ የተለጠፈው እዚያው ገጽ ላይ ነው። ደግሞ ከጀርባው የሌላ ሰው ስም አለ፣ የቬትናሟ ሴትዮ፣ ቁጥር አሥራ አንድ፣ መንታ ልጆች።

ትናንት ከሰዓት ደግሞ ሰውዬው መጣ። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንገቱ ላይ ካርድ። ኑሀሚን መታጠቢያ ቤት ገባች። ሰንሰለቱን ሳላወልቅ ከፈትኩ። ከምክር ቤት አባሏ ቢሮ ነኝ አለ፣ ሚስተር ኩዊላን ከሆስፒታል ደውለውልናል፣ ደብተሩ አንቺ ጋ ነው ብለዋል፣ ሰንሻይን ድረስ ከምትደክሚ እኔ ልውሰደው ብዬ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው። ጫማውን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ሰንሻይን እኮ አንድ አውቶብስ ነው፣ ማን ደከመኝ አለው? ካርዱ ላይ የጻፈው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ካርድ ደግሞ ማንም ያሳትማል፣ ሽማግሌው ደውለው ከሆነ ለምን ለኔ አልደወሉም፣ ቁጥሬ ደብተሩ ላይ ነው፣ ደብተሩ ደግሞ እኔ ጋ ነው፤ እንዲህ ስል ቀኑ ይመሽልኛል። «ኖ ኖትቡክ» አልኩት። ከኋላዬ ሩታ መጣች፣ ቀሚሴን ይዛ ቀና ብላ አየችው፣ ፊቷ በራ፣ እንግዳ ትወዳለች፣ «ማሚ፣ ኢት ኢዝ አንደር ዩር—» አለች፣ አፏን በመዳፌ ያዝኩት። ትንፋሿ እጄ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ሰማ? አልሰማም? ፈገግ አለ። ስልክ ቁጥሩ ያለበት ሌላ ካርድ በሰንሰለቱ ሥር ሰጠኝ፣ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ደውዪ አለ፣ ወረደ። ሩታ እጄን ከአፏ አንሥታ አየችኝ። «ሆዋይ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ የጨዋ ልጅ ነበርኩ ልበላት?

ማታውን እናቴ ጋ ደወልኩ፣ እዚያ ከሰዓት ነው፣ ዶሮ ይሰማል። ስለ ሩታ ጠየቀችኝ፣ ስለ ኑሀሚን ቪዛ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ነገሩን ነገርኳት። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ።

«አለሁ። አንቺ ደግሞ ደብተር አይለቅሽም?» አለችኝ።

ቀልድ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ነገር ስናወራ የመጀመሪያችን ነው፣ በቀልድ ነው የመጣው። አባቴም ሁለት ዓመት ታስሮ ሲወጣ፣ ከዚያም በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ አንድ ቀን አላነሣብኝም፤ ዝምታው ነው የከበደኝ፣ ቢቆጣኝ ኖሮ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። «ልስጥ ወይስ አልስጥ?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ እዚህ ሆኜ። ሰውዬው ደግ ነው?» «አላውቅም።» «ክፉ ነው?» «አላውቅም፣ እማዬ።» «እህ» አለች፣ «አባትሽንም እንደዚያው ነበር የሚሉት።» ከዚያ ካርዴ አለቀ።

መክብብ ተገላበጠ። መጋረጃው ጠርዝ ላይ ብርሃን ገብቶ ግድግዳው ላይ ወደቀ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሩታን ላመጣ እሄዳለሁ፣ አሁን ሰባት ሆኗል፣ መተኛት አለብኝ፣ ዓይኔን ስጨፍን የልጅነት ሰፈሬ ቦኖ ጋ ነኝ። ጄሪካኔን ይዤ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ባሎቻቸው የተወሰዱባቸው ሴቶች ከፊቴም ከኋላዬም አሉ፣ ማንም አያናግረኝም፣ ሲደርሰኝ ግን ተራዬን አይነጥቁኝም፣ ውኃውን እስክቀዳ ይጠብቁኛል፣ ይህም የባሰ ነው። የእዮብ እናት ከኋላዬ ናት። ባሏ በአባቴ ደብተር ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበር፣ ስለ መሬት ካርታ ነበር ያስጻፈው፣ ሌላ ምንም አላደረገም። አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ጄሪካኔን አሸከመችኝና፣ «የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «ስሙን ከመስጠትሽ በፊት መጥተሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት? ቤታችን እኮ ቅርብ ነው።» በዓመቱ ከሰባተኛ ክፍል ወጣሁ። እናቴ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ኑሀሚንን የሚይዝ አልነበረም፣ እንዲህ ነው የምለው ለጠየቀኝ ሁሉ፣ እውነትም ነው፤ ግን ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በቦኖው በኩል ነበር፣ ይህም እውነት ነው።

ሽማግሌውን አላምናቸውም። ይህን ለራሴ እናገራለሁ፣ ዓይኔን ገልጬ። የዘጠኝ ወር ወንበራቸውን አርባ ዓመት ተሸክመው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡበት ሰው ናቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው ወይ በጣም ደግ ነው ወይ ሥልጣን ያልወጣለት ነው፤ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የካርዱን ሰውዬ አላምነውም። ቢሮዋን አላውቃትም። የጥያቄ ምልክቷን አላምናትም፣ ግን አራት ብለው ሲጽፉ ጠየቁ እንጂ አልጨረሱትም፣ መጥቼ እስክነግራቸው ትተውታል ማለት ይሆን? አላውቅም። ማመን አለማመኑ የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ስም ነው። አሥራ ስምንቱ የኔ አይደሉም። ያኔም አባቴ የሰዉን ስም ሲጽፍ የሰዉ ነበር፣ እኔ ሳነሣው የኔ መሰለኝ።

እጄን ከፍራሹ ሥር አስገባሁ። ደብተሩ የሰውነቴ ሙቀት አለው። ከነጩ ገጾች ቀጥሎ የመጀመሪያውን ስም ፈለግሁ፣ የሕንፃችንን አንደኛ ሰው፣ ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ ማንም ሳያስጽፍ ቀድሞ ያስጻፈ ማን ነው ብዬ። ቁጥር አራት። ወርቅውሃ። የመታጠቢያ ቤት ሻጋታ፣ ጉልበት፣ ምድር ቤት ያለ ክፍል ትፈልጋለች። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል፦ ጎረቤቶቿ እንዲያውቁ አትፈልግም። ሰላም በዪውና እለፊ ያሉኝ ሴትዮ። በመጋረጃው ብርሃን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ፣ መክብብ እንዳይነቃ ከንፈሬን ነከስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ይህን ማንበብ ያልነበረብኝ መሆኑ ገባኝ። ይኸው እንደገና፣ ሳልጠይቅ።

ነጠላ ጫማዬን አደረግሁ። ኑሀሚን ከሶፋው ቀና አለች፣ «ማን መጣ?» አለች፣ እግሯ ወደ መታጠቢያ ቤት ዞሯል። «ማንም አልመጣም፣ እኔ ነኝ የምሄደው፣ ተቀመጪ» አልኳት። ደብተሩን ዘግቼ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ስማቸውን ለማንም ከመስጠቴ በፊት የምነግራቸው ከሆነ፣ ወደ አንደኛ ፎቅ አሥራ አራት ደረጃ ነው። ቅርብ ነው። ቁጥር አራት ጋ ቆምኩና አንኳኳሁ፣ ከውስጥ ሬዲዮው ዝም አለ፣ የጫማ ኮቴ መጣ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ እሳቸውም የኔን ይሰማሉ።

«ማን ነው?»

«ሆሳዕና ነኝ፣ እትዬ» አልኩ። «መነጽርዎን ያድርጉና ይክፈቱልኝ።»